የሦስት ሰዓት ሰርግ ስንት ጊጋባይት ነው?

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ካሴታችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ የመጣችሁ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ርእሱን ስናገር ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ነገር ግን እዚህ ጎንደር አራዳ፣ ከድሮ የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትውሉ አንድ ክርክር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ባለካሴቱ ሽማግሌ «አንድ ካሴት እንዴት ብሎ ፍላሼን ይሞላዋል?» ይላሉ። የሚገለብጠው ልጅም «አያስቡ ጋሼ፣ አሳንሼ እሰጥዎታለሁ» ይላቸዋል። ጋሼ መርቀውት ይሄዳሉ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ከሁለቱም ጋር ልከራከር ነው። ማነስ ያለበት ነገር አለ፤ ማነስ የሌለበትም አለ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናሳንሰው ማነስ የሌለበትን ነው፤ የምናሳብጠው ደግሞ ቢያንስ ምንም የማይጎዳውን።

ሒሳቡን እንሥራው። ቪኤችኤስን የጃፓኑ ጄቪሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እኛ የምንከተለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ስለሆነ ምስሉ 625 መስመር አለው፤ ለዓይን የሚታየው 576ቱ ነው። በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ያልፋል። ኮምፒውተር እያንዳንዱን መስመር በ720 ነጥብ ይከፍለዋል። 720ን በ576 ብታባዙ 414,720 ነጥብ ይመጣል። ለአንዱ ነጥብ 2 ባይት ስጡት፣ ከዚያ በ25 አባዙት። በሰከንድ 20.7 ሚሊዮን ባይት፣ በሰዓት ወደ 75 ጊጋባይት ነው። ጎኑ ላይ «ኢ-180» ተብሎ የተጻፈበት የ180 ደቂቃ ካሴት ምንም ሳይጨመቅ ቢገለበጥ 224 ጊጋባይት ይወስዳል። አንድ ሰርግ ነው፤ ያውም መልሱ ሳይቆጠር።

ይህን ያህል ቦታ ይዞ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ የለም፤ አስቀምጡ ብዬም አልመክርም። ጥያቄው 224ቱን ወደ ስንት እናውርደው፣ ስናወርደውስ ምን እንጣል የሚለው ነው።

ምንም ሳይጣል የሚጨመቅበት መንገድ አለ። ኤፍኤፍቪ1 የሚባል አሠራር አለ፤ ኤፍኤፍምፔግ ከሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ጋር ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብሮ የሚመጣ፣ በ2021 የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች ዝርዝሩን በይፋ ያተሙት ነው። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ቤተ መዛግብት ይጠቀሙበታል፤ ክፍያ የለውም። የጨመቀውን ሲፈታ አንድ ነጥብ እንኳ ሳያጎድል ይመልሳል። እንደ ካሴቱ ንጽሕና በሰዓት ከ25 እስከ 40 ጊጋባይት ይፈልጋል። ያ ሰርግ እንግዲህ ከ224 ወደ 90 ጊጋ አካባቢ ወረደ ማለት ነው። በአንድ ቴራ ዲስክ ዐሥር ዐሥራ አንድ ካሴት ይገባል።

ይህም ከከበዳችሁ ሌላው መንገድ ኤች.264 ነው፤ ስልካችሁም፣ የቤታችሁ ዲሽም የሚያውቀው። እሱ ዓይን አያስተውለውም ብሎ ያሰበውን እየጣለ ያሳንሳል። ምን ያህል እንደሚጥል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በሰከንድ 15 ሜጋቢት ብትሰጡት ሰዓቱ ከነድምፁ 7 ጊጋ ተኩል አይሞላም፤ የጣለውንም ፈልጎ ለማግኘት ይከብዳል። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ብቻ ብትሰጡት ግን ሦስቱ ሰዓት በ2 ጊጋ ያልቃል፤ የዳሱ ሣር አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆናል፣ የነጠላው ጥለት ይጠፋል፣ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸው ይለሰንና ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። ልጁ ለጋሼ «አሳንሼ» ያላቸው ይህንን ነው።

የጎንደር ሰው ስለሆናችሁ በጠላ ልንገራችሁ። ድፍድፉ ካለ ለእንግዳውም ለሠራተኛውም እያቀጠኑ መቅዳት ይቻላል። ቅራሪውን ይዞ ወደ ድፍድፍ መመለስ ግን የለም። ስለዚህ ከካሴቱ መጀመሪያ የምታወጡት ወፍራሙ ይሁን። በስልክ ለመላክ፣ በቴሌቪዥን ለማየት የሚሆነው ቀጭን ቅጂ ከእሱ ይወጣል፤ ነገም፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም ይወጣል። ኮምፒውተሩ ሌሊት ብቻውን ሊሠራው ይችላል።

«ቀጭኑን ብቻ ላውጣ፤ ወፍራሙን ሌላ ቀን ከካሴቱ እቀዳለሁ» የሚል ይኖራል። ለሱ መልስ አለኝ። ካሴት የሚገለበጠው በራሱ ፍጥነት ነው፤ የሦስት ሰዓቱ ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ማጫወቻው ዴክም ሰው ነው የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ ደርሷል። የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲያመርት የቆየው፣ የሚታወቀው የመጨረሻ ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሥራውን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የቀሩት ዴኮች አንዱ ለሌላው መለዋወጫ እየሆኑ ነው። ዩኔስኮም ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ ስላሉት የማግኔት ካሴቶች የማስጠንቀቂያ ዘመቻ አካሂዷል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2015፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ያልተገለበጠ ካሴት አብዛኛው አይተርፍም ብሎ ጽፎ ነበር። ቀጠሮው ደርሷል። ካሴቶቻችን ብዙዎቹ አሁንም ይናገራሉ፤ ሁለተኛ ዕድል አለን ብሎ ማሰብ ግን ድፍረት ነው። ዲስክ ነገ ይገዛል፤ ዴክ ነገ አይገዛም።

አሁን ወደማሳበጡ ልምጣ። ገበያው ላይ የድሮ ዴክ ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር የምታገናኝ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምስሉን «ወደ ኤችዲ ታሳድጋለች» ይባልላታል። የኮምፒውተር መቅረጫ ሶፍትዌሮችም ካልነገራችኋቸው ብዙ ጊዜ በ1920 በ1080፣ በሰከንድ በ30 ምስል ይቀርጻሉ። 1920ን በ1080 ስታባዙ ከ720 በ576 ልክ አምስት እጥፍ ነው። አምስት እጥፍ ነጥብ ምን አመጣ? ምንም። ቪኤችኤስ በአግድም መለየት የሚችለው ወደ 240 መስመር ዝርዝር ብቻ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ከዚያም በብዙ ያነሰ ነው። ካሴቱ ላይ የሌለውን ዝርዝር ሳጥኗ ልትፈጥረው አትችልም። ፊቶቹ በጎን ይለጠጡና ሙሽሪቷ ስትወፍር፣ ፋይሉ አብሯት ይወፍራል። ይህ ነው ማነስ ያለበት። ካሴቱ በፓል ከሆነ 720 በ576፣ በሰከንድ 25፣ በቃ።

የሰከንዱ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እስክስታን ስለሚነካ ጎንደሬ ሆኖ እዚህ ላይ የማይቆም የለም። 25 ሙሉ ምስል አልኳችሁ እንጂ ካሴቱ ላይ እያንዳንዱ ምስል ለሁለት ተከፍሎ ነው የተቀረጸው። መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮቹ፣ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ሙሉ መስመሮቹ። ሁለቱ ግማሾች የተነሡበት ቅጽበት ይለያያል። ስለዚህ በሰከንድ 50 የእንቅስቃሴ ቅጽበት አለ ማለት ነው። ፋይል ለመቆጠብ ብለው አንዱን ግማሽ የሚጥሉ አሉ። ንግግር ላይ ብዙ አያስታውቅም። እስክስታ ላይ ግን ልዩነቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ሴትየዋ ትከሻዋን ስታርገፈግፈው፣ ያ መንቀጥቀጥ የነበረው ነገር ወዲያና ወዲህ መዝለል ይሆናል። ሁለቱን ግማሽ ሳይለዩ አንድ ላይ ያጣበቁትም ሌላ ችግር ያመጣሉ፤ የትከሻዋ ጠርዝ በአግድም መስመሮች ይቦጫጨቃል። ወፍራሙን ቅጂ እንደተከፈለ፣ እንደነበረ አስቀምጡት። ለስልክ የሚሆነውን ስታወጡ ወደ 50 ሙሉ ምስል ፍቱት። ይህ መፍታት «ዲኢንተርሌስ» ይባላል፤ ባለሞያው ልጅ ስትነግሩት የሚያውቅ ከሆነ ካሴታችሁን አምናችሁ ስጡት፤ ካላወቀ ሌላ ቤት ሞክሩ።

ከአሜሪካ የተላኩ ካሴቶች ያሏችሁ ደግሞ አላችሁ። እዚያ ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ነበር፤ 480 መስመር፣ በሰከንድ 30 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ምስል። በፓል መጠን ከተቀረጸ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆናል። ከእስራኤል የመጡት ግን እንደኛው ፓል ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከሄዱ በኋላ በወዲህና በወዲያ የተላላኩ የሰላምታ ካሴቶች በብዙ ቤት አሉ። እነዚህ ያለ ብዙ ጣጣ ይገለበጣሉ።

ቀጥዬ የምለው ብዙ ሰው ሲሰማው የማያምነው ነው። ፋይል ከሚያሳብጡ ነገሮች አንዱ የዴካችሁ ቆሻሻ ነው። መጭመቂያው ሶፍትዌር የሚሠራው የሚደጋገመውን እየፈለገ ነው። ወጥ ቀለም ያለው ግድግዳ ካለ በአጭሩ ይጽፈውና ያልፋል። ምስሉ ላይ የሚረጨው ጭርጭርታ ግን ከነጥብ ወደ ነጥብ ስለማይደገም፣ እያንዳንዷን ነጠብጣብ እንደ ትልቅ ጉዳይ ይመዘግባታል። ሄዱ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ የቆሸሸ ዴክ የሚያወጣው ምስል ጭርጭርታው ብዙ ነው፤ በኤፍኤፍቪ1 ያው ካሴት በንጹሕ ዴክ ከሚወስደው ብዙ ጊጋ ጨምሮ ይወስዳል። ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት ሄዱን አስጠርጉ። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ወደ ሄዱ አታስጠጉ፤ የጥጡ ክር ይይዝና ይሰብረዋል። ለስላሳ ቆዳ፣ ንጹሕ አልኮል፣ ሄዱ የተገጠመበትን ከበሮ በእጅ እያዞሩ በአግድም ብቻ።

ከደባርቅ ለመጣችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት ከብርድ የወጣ ካሴት ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል። እርጥብ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ይጣበቃል። ቢያንስ አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ይደር። በመስኮቱ ስታዩት ጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ካለበት ጭራሽ አታጫውቱት፤ ሄዱ ላይ ይራገፍና የሚቀጥለውን ካሴት ሁሉ ያበላሻል።

ከጭርጭርታ ሳልወጣ ስለ ካሴቱ ጭራ ልንገራችሁ። ሰርጉ በሁለት ሰዓት ከዐሥር ያልቃል፤ የቀረው ሃምሳ ደቂቃ በረዶ የመሰለ ጭርጭርታ ብቻ ነው። ያ በረዶ ሳይጨመቅ የሚቀር ስለሆነ፣ ሳይቆረጥ የተረሳ እንደሆነ ከሰርጉ ደቂቃ ለደቂቃ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቁረጡት። ግን ሳታዩ አትቁረጡ። በላዩ ላይ መቅዳት የዚያ ዘመን አመል ነበር። አንድ ካሴት ላይ ኳስ ተቀድቶበት አገኘን፤ ኳሱ ሲያልቅ ለጥቂት ሰከንድ በረዶ መጣ፣ ከዚያ ድንገት የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወጣ። ካህናቱ በዳርቻው፣ ልጆቹ ዛፉ ላይ። ከኳሱ በፊት ካሴቱ ላይ ከነበረው ጥምቀት የተረፈው የመጨረሻው 20 ደቂቃ ነው። የቀረውን ያጠፋውን የአባወራውን የኳስ ፍቅር እግዜር ይቅር ይበለው። ናሳ ራሱ የአፖሎ 11ን የጨረቃ ጉዞ የመጀመሪያ ቅጂ የያዙትን የመረጃ ቴፖች አጥፍቶ ሌላ ነገር ቀድቶባቸው ኖሯል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

አሁን ዋናው የፍርድ ጉዳይ ነው፤ ቦታ ካጠረ የትኛው ካሴት ወፍራም ይሁን? የሰርግ ካሴት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኤዲት የተደረገው ነው፤ ሙሽሮቹ በልብ ቅርጽ ውስጥ ብቅ የሚሉበት፣ ስማቸው እየተሽከረከረ የሚመጣበት፣ ከላይ ዘፈን የተጫነበት። ሌላው ጥሬው ነው፤ ካሜራማኑ በትከሻው ተሸክሞ የቀረጸበት ራሱ ካሴት። ሰው ሁሉ ኤዲቱን ይዞ ይመጣል። ጥሬው አልጋ ሥር ነው፤ ካልተጣለ።

ኤዲቱ ላይ ዘፈኑ የተጫነው አብዛኛውን ጊዜ የዳሱ ድምፅ ጠፍቶ ነው። አያታችሁ ቆመው ሲመርቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን በዚያ ዓመት የወጣ የዘፈን ካሴት ነው። ጥሬው ላይ ምርቃቱ ከነአሜኑ አለ። ታዳሚው ግጥም ሲሰጠው አዝማሪው እየተቀበለ ያዜመው አለ። የሚሸልለው ሰው ማንን እየጠራ እንደሸለለ ይሰማል። ካሜራው ሳይጠፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ምስሉ የጠርሙስ ክዳን ብቻ ሆኖ፣ ሴቶቹ ከጓዳ ስለ ወጡ ጨው ሲከራከሩ የቀረ ዐሥር ደቂቃም አለ። በኤዲት ቤት ሰው ዓይን ይህ ቆሻሻ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረች የጎንደር ሴት በምን ዓይነት አነጋገር እንደምትቀልድ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ከልቡ ቅርጽ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ለጥሬው ዘጠና ጊጋውን ስጡት፣ ኤዲቱን ሁለት ሦስት ጊጋ ይበቃዋል።

ድምፁን ደግሞ በፍጹም አታሳንሱ። ያልተጨመቀ ስቴሪዮ ድምፅ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት ለአንድ ሰዓት 700 ሜጋባይት አይሞላም። ከዘጠና ጊጋ ላይ ሁለት ጊጋ ለመቆጠብ ማሲንቆን የሚያደነቁር ሰው አለ። ምን ይባላል?

የሚቀሩት የእጅ ሥራ ጉዳዮች ናቸው፤ በቶሎ ልለፋቸው።

መብራት ይሄዳል። ኤምፒ4 የሚባለው ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ሲዘጋ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ መብራት ከሄደ፣ የተቀረጸው ሁሉ እያለ ፋይሉ አይከፈትም። በኤምኬቪ ከቀረጻችሁ እስከ ሄደበት ደቂቃ ያለው ይተርፋል። ዩፒኤስ ካላችሁ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለዴኩም ስኩት፤ ቴፑ ተዘርግቶ ዴኩ ሲሞት ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው።

ፍላሻችሁ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ገበያው ውስጥ በምሳ ዋጋ «2 ቴራ» የሚሉት ፍላሽ ደግሞ አለ፤ ውስጡ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚዋሽ። ፋይሉ የገባ ይመስላል፣ ስሙም ይታያል፤ ሲከፍቱት ባዶ ነው። አዲስ ዲስክ ስትገዙ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ መልሳችሁ አንብባችሁ ፈትሹት። ከዚያ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት።

ወፍራሙ ቅጂ ሁለት ቦታ ይኑር፤ ሁለቱም አንድ ቤት አይሁኑ። ክላውድ ላይ አስቀምጠን እንገላገል የሚሉ አሉ። ዘጠና ጊጋ ከዚህ ወደ ላይ መጫን ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረም አትርሱ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ በሰው እጅ ዲስክ መላክ ይሻላል። ለመላው ቤተሰብ ቀጭኑን በቴሌግራም ልቀቁት፤ ቴሌግራም በነጻ እስከ 2 ጊጋ ይወስዳል። ሦስት ሰዓቱን ጨምቆ በዚያ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ቁረጡት፤ ምርቃቱ ለብቻ፣ የሙሽራው አወጣጥ ለብቻ፣ እስክስታው ለብቻ። ሰውም የሚያየው እንደዚያ ሲሆን ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም ያነሰ ፋይል ነው። ባዶ የጽሑፍ ገጽ ክፈቱ፤ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ስክሪኑ ፊት አስቀምጧቸው፤ በስንተኛው ደቂቃ ላይ ማን እንደሚታይ እየነገሯችሁ ጻፉ። «በ41ኛው ደቂቃ ጋቢ የለበሱት የአባትሽ አጎት ናቸው፤ ከወገራ የመጡ።» አምስት ኪሎባይት አይሞላም። ስሙን ከቪዲዮው ፋይል ጋር አንድ አድርጉት።

ቀን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። የምስሉ ጥግ ላይ በነጭ የሚታየው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ያም ካሜራማኑ ሰዓቱን አስተካክሎት ከሆነ ነው። ጥር 1986 የተጋቡ ሰዎች ካሴት ላይ ጃንዋሪ 1994 ይላል፤ ባትሪው የሞተ ካሜራ ደግሞ ያሻውን ቁጥር ይጽፋል። በዓመቱ የተወለደ ልጅ «ወላጆቼ የተጋቡት እኔ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነው ወይ?» ብሎ እንዳይደነግጥ፣ ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። ካሴት ይዛችሁ የመጣችሁ አሁን ወደዚህ ቅረቡ፤ ሻጋታ ያለበትን ለብቻው ከቀኝ በኩል አስቀምጡት።